በሁለት እጅ

ጅግጅጋ ገና ሳይሞቅ፣ ነፋሱ የገበያውን አቧራ ገና ሳያነሣ፣ ወተት ሻጮቹ ቦታቸውን ይዘዋል። ቢጫ ጀሪካኖቻቸው በአጠገባቸው ተደርድረዋል። የግመል ወተት ነው፤ ዕቃው በእንጨት ጭስ ስለሚታጠን ክዳኑ ሲከፈት ከወተቱ በፊት ጭሱ ይሸታል። እኔ የምገዛቸው እናት በዕድሜ የገፉ ናቸው። እንደ ከተማው ልጅ «ኤዶ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ወተቱን ወደ ኩባያ ይቀዳሉ፤ አረፋው እስኪረጋ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ኩባያውን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ በግራቸው ከሥር ደግፈው ያቀብሉኛል። እኔም በሁለት እጄ እቀበላለሁ። አራት እጆች ሳይነካኩ በአንድ ኩባያ ዙሪያ ይሰበሰቡና ይለያያሉ። ምንም አንናገርም።

በዚህ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጎረቤት ተልኬ ስሄድ እናቴ «በሁለት እጅህ ተቀበል» ትለኝ ነበር። ለእንግዳ ውሃ ሳቀርብም ቀኝ ክንዴን በግራ እጄ ደግፌ ጎንበስ እንድል አስተምራኛለች። ትምህርቱ ልማድ ሆኖ እጄ ውስጥ ገባ፤ እጅ ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ ከዓይን ይወጣል። ወደ ዓይኔ የተመለሰው ከዚህ እጅግ ርቄ፣ ዴልሂ ውስጥ ምንጣፍ ላይ በተቀመጥሁበት ቀን ነው።

ታላቅ ወንድሜን ለሕክምና ወስጄው ነበር። ከኢትዮጵያ ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ ባረፍንበት ቤት ኮሪደር አማርኛም ሶማሊኛም ኦሮምኛም ይሰማል። ከጎናችን ባለው ክፍል ባለቤታቸውን የሚያሳክሙ አንድ የጅግጅጋ ሽማግሌ ነበሩ። በአንድ ከተማ ይህን ሁሉ ዓመት ኖረን ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን አናውቅም። እዚያ ግን በሳምንት ውስጥ «አዴር» ብዬ የምጠራቸው፣ እንደ አጎት የምታዘዛቸው ሰው ሆኑ። የምርመራ ውጤት በምንጠብቅበት ዕለት፣ ሁለታችንንም ሆድ በባሰን ሰዓት፣ የማረፊያው ጠባቂ ባንግላ ሳሂብን አመለከተን። ሂዱና ብሉ፣ ማንም ገንዘብ አይጠይቃችሁም አለን።

ባንግላ ሳሂብ የሲክ እምነት ተከታዮች ቤተ ጸሎት ነው። ቤተ ጸሎታቸውን ጉርድዋራ ይሉታል፤ የመምህሩ ደጃፍ ማለት ነው። ሲክ ማለት ራሱ ተማሪ ማለት ነው። ደጅ በእኛ ቋንቋ የሚጠና ነገር ነው፤ ሰው ጉዳዩ እስኪፈጸምለት ደጅ ይጠናል። በዚያ ደጃፍ ግን የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። ጫማችንን አወለቅን፤ ራሳችንን በጨርቅ ሸፈንን፤ በመግቢያው ላይ በሚፈስ ስስ ውሃ እግራችንን አስነክተን አለፍን። ወርቅማ ጉልላቱና ሰፊው ኩሬ ከፊታችን ነበሩ። ከየት እንደመጣን፣ የምን እምነት እንደሆንን የጠየቀን አልነበረም።

የሚበላበት አዳራሽ ውስጥ ረጃጅም ምንጣፎች ተነጥፈዋል። ሰው ገብቶ፣ ባዶ ቦታ ባገኘበት እግሩን አጥፎ ይቀመጣል። ከእኔ በስተግራ አዴር፣ በስተቀኝ ክራባት ያሰረ ሰው፣ ከእርሱ ቀጥሎ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ የቀን ሠራተኛ ተቀመጠ። የብረት ሳህን ተሰጠን። ባልዲ የያዘ ወጣት ጎንበስ እያለ ምስር ወጥ ጨለፈልን። ከኋላው ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት በቅርጫት ትኩስ ቂጣ ይዘው መጡ። ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። ግራዬ ስልክ ይዞ ነበር፤ ለቤተሰብ ልልክ አዳራሹን እየቀረጽሁ ነበርና።

አዛውንቱ ቆሙ። አልተቆጡም፤ አልተናገሩም። ቂጣው በጣታቸው ጫፍ ላይ ሆኖ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል። የእጃቸው አንጓ ላይ ያለው የብረት አምባር ወደ መዳፋቸው ተንሸራቶ ቆሟል። እኔ አልገባኝም። አዴር በክርናቸው ነካ አደረጉኝና በለሆሳስ «ሁለቱን እጅህን ዘርጋ፤ እኛ አገር እንዴት ነው የምትቀበለው?» አሉኝ። ስልኩን ምንጣፉ ላይ አኖርሁት። ሁለት መዳፎቼን አጋጥሜ ዘረጋሁ። ቂጣው ሞቅ እንዳለ አረፈባቸው። አዛውንቱ «ዋሄጉሩ» አሉና አለፉ። የፈጣሪያቸው ስም ነው፤ የድንቅ መምህር ትርጉም አለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን ጥቂት ሰከንድ በልቤ እመላለስባታለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ግልጹን ነው፤ ሁለት እጁን የዘረጋ ሰው ሌላ ነገር መያዝ አይችልም። ገንዘብም፣ ስልክም፣ ማዕረግም ለጊዜው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። አንድ እጅ የዘረጋ ሰው ግማሹን ለራሱ አስቀርቷል፤ እየወሰደ ነው። ሁለቱን የዘረጋ ግን ይቀበላል። በመውሰድና በመቀበል መካከል ያለው ልዩነት በዚያች በቀረችው እጅ ላይ ነው።

አማርኛ በእጅ ብዙ ተናግሯል። የተቸገረውን «እጅ ያጠረው» ይለዋል። የተሸነፈው «እጅ ይሰጣል»፤ ሰላምታ የሚያቀርበው «እጅ ይነሣል»፤ ባለሟሉ «እጅ መንሻ» ይይዛል። ለገበታው ባለሙያ «እጅሽ ይባረክ» ይባላል። በእነዚህ ቃላት ውስጥ እጅ ዘወትር አንድ ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ወይ ከላይ ነው፣ ወይ ከታች። የአዳራሹ ምንጣፍ ይህን ደረጃ ያናጋዋል። የሚሰጠው ሰው ቆሟል፤ ነገር ግን ወገቡ የታጠፈው የእርሱ ነው። የሚቀበለው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ነገር ግን እጁ ወደ ላይ የተነሣው የእርሱ ነው። ከላይ ያለው ወደ ታች፣ ከታች ያለው ወደ ላይ መጥተው ቂጣው ላይ ይገናኛሉ።

ይህን ማዕድ ላንጋር ይሉታል። በ1469 እ.ኤ.አ. በፑንጃብ ከተወለዱት ከመጀመሪያው መምህር ከጉሩ ናናክ የመጣ ነው። ሦስተኛው መምህር ጉሩ አማር ዳስ ሊያያቸው የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከሌላው ጋር በረድፍ ተቀምጦ እንዲበላ ሥርዓት አደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱ አክባር ሊጎበኛቸው በመጣ ጊዜም እንደማንኛውም ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደበላ በሲኮች ዘንድ ይተረካል። በዘመኑ በሕንድ ማን ከማን ጋር መብላት እንደሚችል በትውልድ የተቆረጠ ነበር። ከማን ጋር እንደማይበላ አውቆ ለሚያድግ ሰው ያ ረድፍ ከስብከት ሁሉ የከበደ ነው። ዛሬ በአምሪትሳር በሚገኘው ወርቃማው ቤተ ጸሎታቸው በቀን ከ50 ሺህ የማያንስ ሰው በዚህ ዓይነት ይበላል፤ ያ ቤት በአራት አቅጣጫ አራት በር አለው።

እዚህ ላይ ሳህኑን እንየው። ምስር፣ ቂጣ፣ አትክልት፣ ጣፋጭ የወተት ሩዝ። ሥጋ የለም። በአገራችን ማዕድ የሚለየው በሥጋ ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ እንላለን። ሰርግ ሲኖር ለሌላው ወገን ለብቻው ታርዶ፣ ለብቻው ድስት ይጣዳል። ይህን ያመጣው ጥላቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለጎረቤት የተለየ ማብሰያ ማዘጋጀት እንዲያውም የከበረ ትሕትና ነው። ሆኖም ሁለት ድስት ሁለት ገበታ ነው። እኔና አዴር በአንዲት ከተማ ኖረን አብረን ሳንበላ የቀረነው ስለተጣላን አልነበረም። አጋጣሚው ስላልነበረ ነው፤ አጋጣሚው ያልነበረውም ገበታው ስለተለያየ ነው። የላንጋር ወጥ ቤት ከሁሉም ዝቅ ያለውን ምግብ መረጠ፤ ማንም ሳይቀር የሚበላውን። አዴር «ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱ። እኔ አማተብሁ። ምስሩ አንድ ነበር።

የበላንበት ቦታ ራሱ የውሃና የሕመም ታሪክ አለው። ስሙ የመጣው በስፍራው ከነበረው የአንድ መስፍን ቤት ነው። በ1664 እ.ኤ.አ. ስምንተኛው መምህር ጉሩ ሃር ክሪሻን በዚያ ቤት አርፈው ሳለ ዴልሂ ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ገና ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። ከግቢው ጉድጓድ ውሃ እየቀዱ ለሕሙማን ያጠጡ እንደነበር ይነገራል፤ በዚያው በሽታም አረፉ። እስከ ዛሬ ሰው ከዚያ ውሃ ይጠጣል፤ ሁለት እጁን ሰብስቦ በእፍኙ ይቀበላል። ጸበል ስንጠጣ እንደምናደርገው ማለት ነው። አዴር ለባለቤታቸው በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ወሰዱ። የሕፃኑን ታሪክ ከነገርኋቸው በኋላ ጠርሙሱን በከረጢት ውስጥ አልጨመሩትም፤ እስከ ማረፊያችን በሁለት እጃቸው ይዘውት ሄዱ።

ጅግጅጋ ውስጥ ጉርድዋራ የለም። ነገር ግን ሲኮች ይህን ምድር ረግጠውታል፤ የመጡት ግን በጦር ነበር። በሚያዝያ 1895 ዓ.ም. እንግሊዞች የዳርዊሾቹን መሪ ሰይድ ሙሐመድ አብዱላህ ሐሰንን ሲያሳድዱ፣ ኮሎኔል ፕለንኬት የመራው ጦር ዛሬ ሶማሌ ክልል በምንለው ምድር፣ ጉምቡሩ ላይ አለቀ። ከሞቱት መካከል ከፑንጃብ የመጡ የሲክ ወታደሮች ነበሩ። መጋቢት 7 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ የፑንጃብ ሻለቆች ከኤደን ተሻግረው በርበራን ከጣሊያን አስለቀቁ፤ ከበርበራ በሐርጌሳ አድርጎ ጅግጅጋ የሚገባው መንገድም ለዘመቻው ስንቅ ተከፈተ። ዛሬ ሩዝና ፓስታ፣ ስኳርና ልብስ ከቶጎ ውጫሌ የሚመጣበት ያው አቅጣጫ ነው።

ስለ እነዚያ ወታደሮች ሳስብ ከራሳቸው ታሪክ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። በአሥረኛው መምህር በጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ዘመን፣ በአናንድፑር ውጊያ መካከል፣ ባይ ካንሃያ የተባለ ውሃ አጠጪ ነበረ። የወደቀ ቁስለኛ ባየ ቁጥር ያጠጣል፤ የወገንም ሆነ የጠላት። ጠላትን አጠጣ ተብሎ ተከሰሰ። መምህሩ ሲጠይቁት በሁሉም ፊት ላይ ያየው የእርሳቸውን ፊት ብቻ እንደሆነ መለሰ። እርሳቸውም ቁስል የሚቀባበት መድኃኒት ጨምረው ሰጡት። እኛም የካቲት 26 በመጣ ቁጥር ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የተገኘውን የካራማራን ድል እናስባለን። ኮረብታው ከከተማው በስተምዕራብ ቆሞ ይታያል። እዚያ ከሁለቱም ወገን ውሃ እየጠየቀ የሞተ ሰው አለ። ኮረብታውን ሳይ ያ ውሃ አጠጪ በድንጋዮቹ መካከል ጎንበስ ብሎ ሲሄድ ይታየኛል።

እጅ የሚገለበጥ ነገር ነው። ይህን እንደዚህ አካባቢ የሚያውቀው ጥቂት ነው። በዚያው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የኦጋዴን ሰው ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ገባ፤ እጁን ዘረጋ፤ ተቀበሉት። አሥር ዓመት አለፈ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ስትደበደብ ሕዝቧ በዚያው መንገድ ወደዚህ ፈለሰ። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ያለው ሐርትሼክ በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እየተባለ ይጠራ ጀመር። ወንዝ የማያልፍበት፣ ምንጭ የሌለው ሜዳ ነው። ሰው የዝናብ ውሃ በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ፣ በቢርካ፣ ያጠራቅማል፤ ለስደተኞቹ ደግሞ ቦቴዎች ከጅግጅጋ በኩል ውሃ ያመላልሱ ነበር። መጠለያው በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ቀብሪበያህ፣ አውበሬና ሸደር ላይ ግን ስደተኛ ዛሬም አለ። በአንዱ ዓመት መዳፉ ወደ ላይ የነበረ ሰው በሌላው ዓመት መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ሰጠ። በአዳራሹ ረድፍ ውስጥ ይህ በአንዲት ሰዓት ይፈጸማል፤ በልቶ የተነሣ ሰው ባልዲ ይቀበልና ሌላውን ሊያበላ ይቆማል። ያ ክራባት ያሰረው ሰው ከበላ በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ የሳህን ማጠቢያው ጋ ሲቆም አይቼዋለሁ።

ስደተኛ በሰልፍ ይቀበላል። ሰልፍ ሰውን የሚያሳየው በጀርባው ነው፤ ከፊትህ ያለው የሰው ማጅራት ነው። ረድፍ ግን ሰውን በጎኑና በፊቱ ያሳያል። አሁን አሁን በመጠለያዎቹ ራሽን ሲታደል አሻራ ይነሣል፤ ከሰውየው ሁለት እጅ የሚፈለገው አንዲት ጣት ናት። ለዚያ ሁሉ ሺህ ሰው እህል በትክክል ለማድረስ ይህ አስፈላጊ እንደሆነ እቀበላለሁ፤ ሥራውን የሚሠሩትንም አከብራለሁ። ጣቷን ካነሣች በኋላ ዘይቷን ስትቀበል ሁለቱን እጆቿን የምትዘረጋ እናት ግን መሣሪያው ያልጠየቃትን እየጨመረች ነው።

ሲኮች የሕይወት መሠረት የሚሏቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ የፈጣሪን ስም ማሰብ፣ በላብ ሠርቶ መኖር፣ ያገኙትን ተካፍሎ መብላት። ሦስቱንም በእጅ ላይ አገኛቸዋለሁ። የሚሠራው እጅ ነው፤ የሚያካፍለው እጅ ነው፤ ስሙን ሲያስብ ዝም ብሎ የሚያርፈውም እጅ ነው።

ስለ ሥራ የሚነገረው ተረክ ቂጣ ላይ ይቆማል። ናናክ የአንድ ሀብታም ባለሥልጣን ግብዣ ትተው በድኻ አናጢ ቤት በሉ። ባለሥልጣኑ ተቆጥቶ ለምን ብሎ ጠየቀ። የሁለቱን ቤት ቂጣ በሁለት እጃቸው ይዘው ጨመቁ፤ ከአናጢው ቂጣ ወተት፣ ከባለሥልጣኑ ቂጣ ደም ተንጠባጠበ። ተረክ ነው፤ ነገር ግን ሁለት እጅ ምን እንደሚያውቅ ይናገራል። ማንኛችንም የያዝነውን እንጀራ ብንጨምቀው ምን እንደሚወጣ እጃችን ያውቃል። የሚዛኑን ድንጋይ ያነሣ እጅ፣ ፊርማ የፈረመ እጅ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ቆጥሮ ያጎደለ እጅ ያው የሚቆርሰው እጅ ነው።

ሌላውን ተረክ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ናናክ ወጣት ሳሉ በሱልጣንፑር የአገረ ገዢው ጎተራ ጠባቂ ነበሩ። እህል እየሰፈሩ፣ አንድ፣ ሁለት እያሉ ሲቆጥሩ አሥራ ሦስት ላይ ይደርሳሉ። በቋንቋቸው አሥራ ሦስት «ቴራ» ነው፤ ቴራ ደግሞ «ያንተ» ማለትም ነው። ከዚያ ቃል ማለፍ ያቅታቸዋል። ያንተ፣ ያንተ፣ ያንተ እያሉ መስፈራቸውን ይቀጥላሉ። ጎተራውን አራቆተ ተብለው ተከሰሱ፤ ሒሳቡ ሲመረመር አንድም አልጎደለም።

ከተማችን የንግድ ከተማ ናት። ቆጠራ ትወዳለች። ገንዘቡ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ መሄዱን እየተወ በሄሎካሽና በቴሌብር ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ሰጪና ተቀባይ ሳይተያዩ ጉዳያቸው ያልቃል። መልካም ነው፤ ከአዲስ አበባ ለእናቱ የሚልክ ልጅ ቀሎታል። ግን ከሰፈሬ አንድ ባለ ሱቅ አለ፤ የሰላት ሰዓት ሲደርስ በሩን አይቆልፍም፤ መግቢያው ላይ ጨርቅ ጥሎ መስጊድ ይሄዳል። ስኳሩ፣ ሩዙ፣ የተከፈተው የሒሳብ ደብተር እንዳሉ ይቆያሉ። በጨርቁ ሥር ሳልፍ ያ ቃል ይሰማኛል። ሱቁ ለእነዚያ ደቂቃዎች ያንተ ነው ተብሏል።

ወደ አምባሩ ልመለስ። ካራ ይባላል። ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 እ.ኤ.አ. ካልሳ የሚባለውን የአማኞች ማኅበር ሲያቆሙ እንዲያዙ ካዘዟቸው አምስት ነገሮች አንዱ ነው። ወርቅ ወይም ብር አይደለም፤ ብረት ነው፤ ድኻውም ሊያገኘው የሚችል። መነሻና መድረሻ የለውም፤ ክብ ነው። እጅ ወደ አንድ ነገር በተዘረጋ ቁጥር አብሮ ይዘረጋል፤ ከዓይን ፊት ይመጣል። አዛውንቱ ቂጣውን ይዘው ሲጠብቁኝ አምባሩ ወደ መዳፋቸው የተንሸራተተው ስላጎነበሱ ነው። ባያጎነብሱ ኖሮ ከእጅጌያቸው ሥር እንደተደበቀ ይቀር ነበር።

የእኛ እጅ አንጓ ላይ ምን አለ? የአንዳንዱ ማተብ፣ የአንዳንዱ ሰዓት። መዳፋችን ላይ ያለው ግን የሁላችንም አንድ ሆኗል። ካፌ ውስጥ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር አንድ እጃችን ተይዟል። ሰላም የምንለው በቀሪው እጅ ነው፤ ልጅ የምናቅፈው በቀሪው እጅ ነው። በረሃብ ዘመን ለተቸገረ ሲሰጥ እንኳ አንዱ እጅ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀርጻል። ዴልሂ ላይ እኔም ያንኑ ሳደርግ ነው የተያዝሁት። አዛውንቱ ስልክህን አስቀምጥ አላሉኝም። ቂጣውን ይዘው ጠበቁ እንጂ። የሚያቃጥል ቂጣ በጣት ይዞ ለማያውቁት ሰው መጠበቅ ቀላል አይደለም።

የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ በ1604 እ.ኤ.አ. ሲሰበሰብ የመምህሮቻቸው መዝሙር ብቻ አልገባበትም፤ የሙስሊሙ ሱፊ የሼህ ፈሪድ ቃላትም አሉበት። ናናክም በጉዟቸው ሁሉ የማይለዩአቸው ባልደረባ ነበራቸው፤ ረባብ የሚመታው ማርዳና፣ እርሱም ሙስሊም ነበር። ይህን ለአዴር ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ከፍተው ለታመሙት ሁሉ ዱዓ አደረጉ፤ «አሚን» ብለው ፊታቸውን ዳበሱ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። በዱዓ የተከፈተው መዳፍና ቂጣ ለመቀበል የተከፈተው መዳፍ አንድ ቅርጽ አላቸው። ጅግጅጋ በቀን አምስት ጊዜ፣ በሺዎች ሆና፣ ሁለት እጇን ትዘረጋለች። በቅዳሴ ጊዜ «አባታችን ሆይ» ስንል እኛም እንዘረጋለን። ከሁለቱም ጸሎት የተነሡት እጆች ከዚያ በኋላ ወደየድስታቸው ይሄዳሉ።

ከዴልሂ ተመልሰናል። ወንድሜ አሁን በምርኩዝ ይሄዳል። የአዴር ባለቤት መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። ዓርብ ለእኛ ጾም ነው፤ ለእነርሱ ጁሙዓ። ከጁሙዓ ሰላትና ከቅዳሴ ሰዓት በኋላ አዴር ወደ ቤታችን ይመጣሉ። በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ስልኮቻችንን እናስቀምጣለን። ትንሿ ልጄ እጅ ታስታጥባለች፤ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ ይዛ፣ ቀኝ ክንዷን በግራዋ ደግፋ። ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን። ምስር ነው። እንጀራውን ሳቀርብላቸው አዴር ሁለቱን እጆቻቸውን ይዘረጋሉ።

የሚቀጥለው ዓርብ ተራው የእርሳቸው ነው።